በኮከብ የተሸፈነው ቁጥር

በሩ የተቆለፈው ከውጭ ነበር። ይህን ካየሁ በኋላ «ድንገተኛ አደጋ ነው» የሚሉኝን ሰዎች መስማት አቆምኩ። ጋዝ በራሱ ጊዜ ሊያፈተልክ ይችላል፤ ጓጉንቸር ግን በራሱ ጊዜ አይቆለፍም።

ቦታው የከተማው ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ፣ የክሎሪን መጋዘን ነው። ሰኞ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ የላብራቶሪ ሠራተኛዋ የሲሊንደሮቹን ክብደት ልታነብ ገባች፤ ሁልጊዜ ሰኞ ሰኞ የምታደርገው ነው። ከኋለኛው ረድፍ ጎንበስ ብላ ስትጽፍ በሩ አጠገብ ያለው ሲሊንደር መፉጨት ጀመረ፤ ወዲያው በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ።

ሌላ ሰው ቢሆን በሩን እየደበደበ ወለሉ ላይ ይቀር ነበር፤ እኔም ብሆን። እሷ ግን ክሎሪን ከአየር እንደሚከብድና ወለል ለወለል እንደሚሄድ ታውቃለች። ሻርፗን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራ አፍና አፍንጫዋ ላይ ጠመጠመች፤ ባዶ ሲሊንደሮች ላይ ወጣች፤ ከጣሪያው ሥር ያለችው የአየር ማስገቢያ ፍርግርግ ላይ አፏን ገጥማ ሃምሳ ደቂቃ ቆየች። መጋዘን ያዡ ማምሻውን የክፍሎቹን በር ሊፈትሽ ሲዞር ማንኳኳት ሰምቶ ከፈተላት።

እኔ ስደርስ ቃሬዛ ላይ ነበረች። የላብራቶሪው ኃላፊ፣ ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው፣ እጇን ይዘው ያለቅሳሉ። «ልጄ ናት፤ ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

መርማሪ ፖሊስ ነኝ፤ በመሥሪያ ቤቴ «እሜቴ ለምን» ይሉኛል። የማልሰማ ይመስላቸዋል። ሳጅኔንም ያን ዕለት የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር።

«ለምን እሷን?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ፣ እሜቴ...» አለና ምላሱን ነከሰ።

ማክሰኞ ጠዋት ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ሰጠኝ። የሴትየዋ ድምፅ የሻከረ ሹክሹክታ ሆኗል።

«ጠላት አለሽ?»

«የለኝም።»

«ጠላት የሌለው ሰው በር አይቆለፍበትም። እስቲ አስቢ።»

«መዝገቡ ይሆናል» አለች። «ውሃው ውስጥ ያለውን ክሎሪን ለክቼ እጽፋለሁ። በማግስቱ ሳየው ቁጥሩ ከፍ ተደርጎ አገኘዋለሁ። ወራት ሆነው። ከተማው የሚጠጣው ውሃ መድኃኒት እያነሰው ነው የሚወጣው።»

«ማን ነው የሚቀይረው?»

«እንጃ። መዝገቡ ሲዞር ነው የሚውለው፤ ኃላፊዬ ጋ፣ ሥራ አስኪያጁ ጋ፣ መጋዘን።»

«ለማን ተናግረሻል?»

«ለማንም። ለጋሼ እንኳ፣ ለኃላፊዬ፣ አልነገርኳቸውም፤ ስማቸው ያለበት መዝገብ ነው፣ ያፍራሉ ብዬ። ለአንድ ሰው ብቻ። ከሦስት ወር በፊት ከስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አንድ ጡረተኛ መምህር መጥተው ሁላችንንም ለየብቻ ጠየቁን። ‹በሥራ ክፍልዎ መዝገብ ተለውጦ አግኝተው ያውቃሉ?› ይላል ጥያቄው። ስም አይጻፍም፣ ማንም አያውቅም ብለው ማሉልኝ። አዎ አልኳቸው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አምኛቸው ነበር» አለች።

ቀትር ሳይሞላ መምህሩ እጃችን ገቡ። ይባስ ብሎ መጋዘን ያዡ አማቻቸው ሆኖ ተገኘ፤ የሴት ልጃቸው ባል። ምስጢሩን የያዘውና ቁልፉን የያዘው አንድ ቤተሰብ! አለቃዬ በደስታ እጁን አፋተገ።

መምህሩ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሰባ ሊሞላቸው ነው። የሸሚዛቸው አንገትጌ ነትቧል፤ ግን ተተኩሷል።

«ሴትየዋ ምን ብላ መለሰችልዎት?»

«አልናገርም።»

«መምህር፣ እሷ ራሷ ነግራኛለች እኮ!»

«ትናገር። የራሷ ነው። እኔ ግን ምያለሁ።»

«ዝም ባሉ ቁጥር ጥፋቱ እርስዎ ላይ ነው የሚደፈደፈው።»

«ልጄ፣ አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ። ዝም በል ሲሉኝ ተናግሬ ሁለት ጊዜ ከሥራ ተባርሬያለሁ። ተናገር ስትሉኝ ዝም ማለት አያቅተኝም።»

«አማችዎስ? ጠይቆዎት አያውቅም?»

«ጠይቆኛል። እሁድ ምሳ ላይ ‹የኛ ሰዎች ምን አሉ?› አለኝ። ‹ሾርባህን ጠጣ› አልኩት። ልጄ ባሌን አዋረድክብኝ ብላ አኮረፈችኝ፤ እስካሁን አልታረቅንም።»

የሚዋሽ ሰው ያብራራል፣ ይምላል፣ ውሃ ስጡኝ ይላል። እኚህ ሰው ግን ብዕር ካለሽ አውሺኝ ብለው በክፍሉ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ የፊደል ስህተት ለማረም ተነሱ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ አስቀመጥኳቸው።

አማቻቸውን ደግሞ መረመርኩ። ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥር ተኩል ዋናው በር ላይ መኪና ሲያራግፍ ነበር፤ ሁለት ዘበኞችና ሾፌሩ መስክረውለታል። ቁልፍ መያዙም ምንም ማለት አይደለም። ጓጉንቸሩ ቀን ቀን ተከፍቶ በሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ ለመቆለፍ ጫን ማድረግ ብቻ ነው። የቢሮ ሠራተኞቹ ሁሉ ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ የፊርማው ወረቀት አለ። ከአዳራሹ እስከ መጋዘኑ ኩሬዎቹን ዞሮ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሥራ አስኪያጁም የላብራቶሪው ኃላፊም ስብሰባው እስኪያልቅ ከአዳራሹ አልራቁም ተባልኩ።

«አማችየው ለሌላ ሰው ነግሯል፤ ያ ሰው ቆልፏል» አለ አለቃዬ። «መምህሩን ሐሙስ አራት ሰዓት ፍርድ ቤት አቅርቢልኝና ገላግይኝ።»

«ያ ሰው ማን ነው?»

«እሱን መምህሩ እስር ቤት ሲከርም ይነግርሻል።»

«አላቀርባቸውም።»

«ምን አልሽ?»

«ሐሙስ ሌላ ሰው አቀርባለሁ አልኩ።» ሌላ ሰው አልነበረኝም። ከአፌ ወጣ፣ አለቀ።

ረቡዕ ጠዋት ባሌ ከቧንቧ ቀድቶ ሊጠጣ ሲል ብርጭቆውን ነጠቅኩት።

«ምን ሆንሽ? ሃያ ዓመት የጠጣነው ነው!»

«ከዛሬ ጀምሮ አፍላው።»

«ምን ተገኘ?»

«አልናገርም» አልኩት። የመምህሩ ነገር ተጋብቶብኝ ይሆናል።

ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተቀበለችኝ ሠንጠረዦቹን የምታዘጋጀው ሴት ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጠረጴዛው ላይ ትፈልገዋለች።

«የውሃ ማጣሪያውን ፎርሞች እፈልጋለሁ» አልኳት። «እነማን እጅ እንደገቡ ማወቅ አለብኝ።»

«አልሰጥም።»

ደብዳቤዬን ዘረጋሁላት። ማህተሙን አይታ በትህትና መለሰችልኝ። «ዛሬ ለፖሊስ ከሰጠሁ ነገ እውነቱን የሚነግረን ሰው የለም። ሰው በሩን የሚከፍትልን ይህን ስለማናደርግ ነው።»

«ልትታሰሪ እንደምትችዪ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ይመችሻል?»

በዚያ ሳምንት ያገኘሁት ሰው ሁሉ ግንባሩን ቋጥሮ ጠበቀኝ። እውነቱን ልናገር? ተናደድኩ፤ ደግሞም ወደድኳት።

«እሺ፣ ምን ልታሳዪኝ ትችያለሽ?»

«ለሁሉም የወጣውን።» ከጀርባዋ ካለው ክምር አንድ መጽሐፍ መዝዛ ሰጠችኝ። «ዓርብ ታትሞ ለየመሥሪያ ቤቱ ተሰራጭቷል። የውሃ ማጣሪያው ሰዎች የሰኞ ስብሰባም ስለሱ ነበር።»

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ «መዝገብ ተለውጦ ያገኙ ሠራተኞች፤ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ» ይላል። ማጣሪያ ክፍል አሥራ አራት። ፓምፕ ክፍል ዘጠኝ። መጋዘን ዜሮ። ላብራቶሪ በሚለው ትይዩ ቁጥር የለም፤ ኮከብ ብቻ ነው። ከሥር ድምር፦ ሃያ አራት።

«ኮከቡ ምንድን ነው?»

«ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን እንሸፍነዋለን፤ ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ።»

«ጎበዝ። ድምሩንስ ለምን አልሸፈናችሁትም?»

እኔ ሒሳብ አልወድም፤ ግን ጣቶች አሉኝ። አሥራ አራትና ዘጠኝ ሃያ ሦስት። ሃያ አራት ለመሙላት አንድ ጣት ቀረኝ። የቆመችውን ጣቴን አየቻት፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«መጋዘኑንም ሸፍኜው ነበር» አለች ቀስ ብላ። መሳቢያዋን ከፍታ ረቂቁን አወጣች። እዚያኛው ላይ ኮከቡ ሁለት ነው፤ ላብራቶሪውም መጋዘኑም። «ሁለት ቦታ ከተሸፈነ ቀንሰሽ አንዱን ለብቻው ማውጣት አትችዪም። ለዚህ ነበር የሸፈንኩት። ዳይሬክተሩ ግን ‹ዜሮ ማንን ይጎዳል? ኮከብ ሲበዛ የምንደብቀው ያለ ይመስላል› ብሎ ዜሮዋን መለሳት። ተከራከርኩ። ከዚያ ደከመኝና ተውኩት።»

«እንግዲህ መምህሩ አላወሩም ማለት ነው።»

«እኛ ነን ያወራነው» አለች። «በሦስት ሺህ ቅጂ።»

መኪና ውስጥ ሳጅኑ ተስፋ ቆረጠ። «አሁንማ መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ።»

«ላብራቶሪው ውስጥ ስንት ሰው ይሠራል?»

«ሁለት። እሷና ኃላፊው።»

«መጽሐፉ ‹አንድ› ነው የሚለው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አይልም። አንተ ብታነበው የቱ ነው ትላለህ?»

«እኔማ... አላውቅም።»

«ሥራ አስኪያጁስ?»

«እሱም አያውቅም።» ፍሬን ያዘ። ከኋላችን ያለው ታክሲ ጡሩንባውን ለቀቀው። «እሜቴ፣ ያኛው አዎ እንዳላለ የሚያውቀው... ራሱ ያኛው ብቻ ነው!»

«ንዳ» አልኩት። በስሜ መጥራቱን ትቶ እሜቴ ያለኝን ይቅር አልኩት።

የቀረን ስብሰባው ነበር። ሥራ አስኪያጁን ዳግመኛ ስጠይቀው አሥር ሰዓት ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል ሻይ መውጣታቸውን እንደ ተራ ነገር ነገረኝ። በሩብ ሰዓት ሃያ ደቂቃ የሚፈጀውን መንገድ ደርሶ መልስ መሄድ አይቻልም። ኩሬዎቹን ዞሮ ከሆነ ማለቴ ነው። የውሃ ናሙና የሚቀዱት ሰዎች ግን አይዞሩም። ከኩሬዎቹ ሥር የምድር ውስጥ መተላለፊያ አላቸው፤ ከአዳራሹ ጀርባ፣ በፓምፕ ቤቱ በኩል ይገባል፣ መጋዘኑ አጠገብ ይወጣል። ሳጅኑ ሰዓቱን ይዞ ሄደበት፤ አራት ደቂቃ።

የመተላለፊያው ቁልፍ የሚንጠለጠለው ፓምፕ ቤቱ ውስጥ ነው። ተረኛው በቅባት የጠቆረ ደብተር አወጣልኝ።

«ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ማን ወሰደው?»

«እኔ ከሞተሩ ሥር ተጋድሜ ነበር፤ ሰው አላየሁም። ግን ሥራ አስኪያጁም ቢሆን ሳይፈርም አይነካትም! እዚህ ሁሉም ፈርሞ ነው።»

ደብተሩን ገለጥኩት። አሥር ሰዓት ከሦስት ደቂቃ፣ ምክንያት ናሙና፣ ፊርማ። የተመለሰበት አሥር ሰዓት ከአሥራ አራት።

የላብራቶሪው ኃላፊ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ጠርሙስ ያጥባሉ። «ልጄ እንዴት አደረች?» አሉኝ።

«ደህና ናት። ሰኞ ከቀትር በኋላ የቀዱት ናሙና የታል?»

«የምን ናሙና? ሰኞ ስብሰባ ላይ ነበርኩ።»

ደብተሩን ከፊታቸው ዘረጋሁት። ፊርማቸውን በእርጥብ ጣታቸው ነኩት።

«ሃያ ሁለት ዓመት ነው የፈረምኩት» አሉ። «እጄ ነው። ቁልፉን ሳነሳ... ሳላስበው።»

ሰው ሊገድሉ እየቸኮሉ ቆመው ፈርመዋል፤ ሰዓቱን እንኳ አልዘለሉም። ወራት ሙሉ የሐሰት ቁጥር ሲጽፍ የከረመ እጅ ለልማዱ ሲል እውነቱን መዝግቧል። ኋላ እንዳመኑት፣ ክሎሪኑ ከመጋዘን በሥርዓት ወጥቶ፣ ማጣሪያው ጋ ሳይደርስ ግማሹ ለአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እየተሸጠ ኖሯል። የጎደለውን በወረቀት የሚሞሉት እሳቸው ናቸው።

«ዓርብ መጽሐፉን ስናነብ ቀነስኩት» አሉ። «አንድ ወጣ። እኔ አይደለሁም።»

«እሷ እኮ አንተን ከሀፍረት ልታድንህ ነው ነገሩን የደበቀችህ» አልኩት። አንቱታው ከአፌ ጠፋ፤ ልመልሰውም አልፈለግኩም። «ለጋሼ እንኳ አልነገርኳቸውም ነው ያለችኝ።»

ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረ። ሰኞ ዕለት አንጀቴን የበላው ይኸው እንባ ነበር። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሳጅኑ አሰረው።

አለቃዬ ሐሳቡን ለመቀየር አልተቸገረም፤ የያዝነውን ሰው ሲያይ መጀመሪያም የጠረጠረው እሱ እንደነበረ ነገረኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀረው።

«የስታቲስቲክሱ ዳይሬክተር ደውሎልኛል። ያንን የኮከብ ምናምን ከምርመራ መዝገቡ አውጪው። ሕዝብ ይደነግጣል።»

«ይደንግጣ! ሴትየዋ ልትሞት የነበረው በዚያ ገጽ ነው።»

«ትዕዛዝ ነው።»

«እንግዲያው በጽሑፍ ይስጡኝ፤ እሱንም አያይዘዋለሁ።»

በጽሑፍ አልሰጠኝም። ገጽ ሠላሳ አንድን ከነረቂቁ መዝገቡ ውስጥ ከተትኩት። ረቂቁን የላከችልኝ ራሷ ሠንጠረዥ ሠሪዋ ናት፤ ስሟን ፈርማበት። ያልተሰራጩት ቅጂዎች ያሉበትን ክፍል ቆልፋ፣ በሩ ላይ ወንበር አድርጋ ተቀምጣ፣ «ዜሮዋ ካልተሸፈነች አንድ ቅጂ አይወጣም» እያለች ዳይሬክተሩን ቁም ስቅሉን እንዳሳየችው ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ?

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ መምህሩን ከእስር አስወጣኋቸው። ወደ ቤት ላድርስዎት ስላቸው ሆስፒታል አሉኝ። አልጋዋ አጠገብ ሲደርሱ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«አባባ፣ የጠረጠርኩት እርስዎን ነበር» አለች።

«ምን ታድርጊ? እኔም ብሆን ከእኔ ሌላ የምጠረጥረው አልነበረኝም።»

ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት። ትንፋሿ እስኪመለስ ትከሻዋን ደገፏት። «ለፖሊሶቹ እኔ ራሴ ነግሬያቸው ነበር እኮ። ለምን ተናግረው አይወጡም ነበር?»

«አንቺ የተናገርሽው ያንቺን ነው። እኔ ደግሞ የምጠብቀው የኔን ቃል ነው።»

የምስክርነት ቅጹን አወጣሁ። ሕጉ የሚለውን ነገርኳት፤ ከፈለገች ስሟ በሌላ መለያ ይሸፈናል፣ አድራሻዋ አይጻፍም፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ትናገራለች። ተረጋግተሽ አስቢበት አልኳት። ማሰቢያ ጊዜ አልፈለገችም።

«ያኔ ተሸፍኜ የተናገርኩት መሸፈን ስለፈለግኩ ነው» አለች። «መብቴ ነበር፤ ነጠቁኝ። አሁን ደግሞ ፈርታ ተደበቀች እንዲሉኝ አልፈልግም። የምሸፍነውም የምገልጠውም እኔ ነኝ። ልጆቼ ያን ውሃ ነው የሚጠጡት። ጻፊ።»

ብዕሬን አነሳሁ። በዚያ በሻከረ ድምፅ ስሟን ነገረችኝ፣ ቀጥላ የአባቷን። አያቷ ላይ ስትደርስ ሳሉ መጣባት። መምህሩ ላግዝሽ ብለው አፋቸውን አልከፈቱም፤ እኔም ከመታወቂያዋ አይቼ ልሞላው አልሞከርኩም። ጠበቅናት። ትንፋሿን ሰብስባ ቀና አለችና ራሷ ጨረሰችው።